ቫልቩን የተረከበኝ

እውነት ነው። ከማንም አልሰማሁትም፤ በገዛ ትከሻዬ ላይ ነው የደረሰው። የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይለፈው። እኔን ማመን አለማመናችሁ ከዚህ ወዲያ አይሞቀኝም፣ አይበርደኝም።

እንዲህ ያለ ታሪክ ስታነቡ ጨለማ ትጠብቃላችሁ። ውሻ ሲያላዝን... መብራት ሲጠፋ...

እኔ ጋ ጨለማ የለም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አለፍ ብሏል። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ዛፍ የሌለበት ሜዳ፤ ሜዳው መሀል በሽቦ የታጠረ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ። እሱ ካልገባችሁ ሌላውም አይገባችሁም።

እኛ ጉድጓድ ሲያምፅ የምንጠራ ሰዎች ነን። ጋዝና ዘይት ከመሬት ሥር ታፍኖ ነው የሚኖረው። ቧንቧው ሲያረጅ ግፊቱ ሽቅብ ይመጣል። አፉ ላይ ያለው ብረት ከቻለው ቻለው... ካልቻለው ብረቱ እንደ ቆርኪ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ሰው እኛን ጉልበተኛ አድርጎ ያስበናል። ኧረ ምን ጉልበት አለን! ጉድጓድ የሚሸነፈው በድርድር ነው። ከላይ ትንሽ ከባድ ጭቃ ታስገባለህ። ጭቃው ጋዙን ሰንጥቆ እስኪወርድ ትጠብቃለህ። ከዚያ ቫልቩን ከፈት አድርገህ ትንሽ ጋዝ ትለቃለህ። የለቀቅከው ጋዝ በረጅም ቧንቧ ሄዶ ሜዳው ጫፍ ላይ ይቃጠላል።

ደግሞ ጭቃ... ደግሞ መጠበቅ... ደግሞ ትንሽ ጋዝ...

በመጨረሻ ጭቃው በክብደቱ ይጫነዋል። ያኔ "ሞተ" እንላለን።

ብዙ ጋዝ ከለቀቅክ፣ ከታች ያለው "ቦታ አገኘሁ" ብሎ ይግተለተላል። ከሰሰትክ ደግሞ አሮጌው ቧንቧ ይፈነዳል። በሁለቱ መሀል ያለችውን ቀጭን መንገድ የሚጠብቀው ቫልቩን የያዘው ሰው ነው።

ቫልቩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አራት ሰዎች ነን። ይህቺን ያዙልኝ... አራት።

አለቃችን እትዬ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ወደ ስልሳው ተጠግተዋል። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም።

ጭቃ የሚገፋው ፓምፕ ላይ አማቼ አለ፤ የታናሽ እህቴ ባል። ለቅሶ ቤት እንዳይገባ የሚከለከል ዓይነት ሰው ነው። ሬሳ ያስቃል።

አራተኛው "አፍንጫ" ነው። የጋዝ መለኪያ ይዞ ስለሚዞር ነው እንዲህ ያልነው። የእሱ አፍንጫ ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ።

እሺ... ትልቅም ነው።

የዚያ ጉድጓድ ጋዝ መርዝ ነበረበት። ትንሽ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ምንም አይሸትም። "ሽታው ሲጠፋ ደስ እንዳይልህ" ይላሉ እትዬ። ስለዚህ ጉድጓዱ አጠገብ የሚቆም ሁሉ ፊቱን የሚሸፍን ማስክ ያጠልቃል፤ ጀርባው ላይ ካዘለው ሲሊንደር ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሲጥጥ... ሲጥጥ... ይላል። አየሩ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩ ያፏጫል፤ ያኔ ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል ወደቆመው መኪና ሄዶ መቀየር ነው። ፓምፑም እዚያው መኪናው ላይ ነው።

ቱታችን አንድ። ሄልሜታችን አንድ። ማስክ ካጠለቅን እህቴ እንኳን ባሏን ከእኔ አትለይም።

"ከኋላህ ነኝ" አሉኝ እትዬ ማስካቸውን ከማጥለቃቸው በፊት። "አንዴ ትከሻህን ከመታሁህ ዝጋ። ሁለቴ ከመታሁህ ክፈት።"

"እሺ እትዬ።"

"አትቸኩል። ጉድጓዱ የትም አይሄድም።"

ከአጥሩ ማዶ መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ቤቶች አሉ። ሰዎቹን ጠዋት አስወጥተናቸዋል። ልብሳቸው ግን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ቀርቷል። የልጅ ካልሲ ሳይቀር ይታየኛል።

ጀመርን።

አማቼ ጭቃ ገፋ። ቆመ። ጠበቅን። ግፊት የሚለካው ጌጅ ላይ ያለችው መርፌ ወደ ላይ ወጣች። ትከሻዬ ሁለቴ ተመታ። ከፈትኩ። ከሜዳው ጫፍ እሳቱ ብቅ አለ። አንዴ ተመታሁ። ዘጋሁ።

ጥሩ ነበር። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር።

ስንት ዙር እንደሄድን አላውቅም። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ያፈዘዋል። መርፌ... እጅ... ቫልቭ። ሐሳብ የሚባል ነገር ከጭንቅላትህ ይወጣል።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ።

ምቱ ከመርፌዋ እየቀደመ መጣ።

መጀመሪያ መርፌዋ ትወጣና እትዬ ይመቱኝ ነበር። አሁን ይመቱኛል... መርፌዋ ገና ቆማለች... ከዚያ ትወጣለች። ሁሌም ልክ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

"ልምድ ነው" አልኩ በልቤ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ከኋላዬ ሲጥጥ... የሚል የለም።

የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። የእሳቸውን አልሰማም። የፓምፑ ጩኸት ውጦት ነው ብዬ አለፍኩት።

ፓምፑ ቆሟል እኮ። ጭቃው እስኪወርድ እየጠበቅን ነው።

ይሄንንም አስተዋልኩ። አለፍኩት።

ትከሻዬ ደንዝዟል። ጥርስ የሚነቅል ሐኪም መርፌ ሲወጋህ ድድህ እንደሚሆነው... የራስህ ሆኖ የሌላ ሰው።

ሲሊንደሬ አፏጨ።

ደንቡ የታወቀ ነው። ቫልቭ የያዘ ሰው ሳያስረክብ አይሄድም። ሳልዞር እጄን አንስቼ ወደ መኪናው ጠቆምኩ። ከጎኔ ጓንት ያጠለቀ እጅ መጣና የቫልቩን እጀታ ያዘ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሄልሜቱ ነቅነቅ አለ።

ሄድኩ።

መኪናው ጋ ስደርስ አፍንጫ ጎማው ላይ ተደግፎ ውኃ ይጠጣል። አማቼ ፓምፑ ላይ ነው።

ከእሱ አጠገብ፣ ማስካቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ... እትዬ ቆመዋል።

ቆምኩ።

እሳቸውም አዩኝ።  ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣

"ቫልቩን ለማን ሰጥተህ ነው የመጣኸው?"

"...ለእርስዎ።"

አፍንጫ የሚጠጣውን ውኃ ከአፉ አወረደ።

"እኔ ከመጣሁ ቆየሁ" አሉ በሹክሹክታ። "አየሬ አልቆ ነው የመጣሁት። ጌጁን እያየህ ቀጥል ብዬ በምልክት ነገርኩህ። አውራ ጣትህን አሳየኸኝ እኮ።"

ማንንም አላሳየሁም። ወይም አላስታውስም።

አራታችንም ወደ ጉድጓዱ ዞርን።

ቱታ የለበሰ፣ ሄልሜት የደፋ ሰው ቫልቩ ላይ አጎንብሷል። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ። እጁ እጀታው ላይ። ተረጋግቶ... እንደ ባለሙያ።

"እትዬ..." አለ አፍንጫ። "የመጣነው አራት ነን።"

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው ተልኮ ነው? ከመሥሪያ ቤት?"

"በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

ከሰባ ሜትር በላይ ርቀን ለምን እንደምናንሾካሹክ አላውቅም።

አማቼ የፓምፑን ጌጅ እያየ ነበር። እዚያም የጉድጓዱ ግፊት ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ተናገረ።

"ልክ ነው እየሠራ ያለው" አለ። "ከእሱ ይሻላል።"

ከእኔ ማለቱ ነው።

አሁን "ለምን አልሮጣችሁም?" ትሉ ይሆናል። ሚስቴም ብላኛለች። የት ይሮጣል? ቫልቩ ከፈት ብሏል፤ ጉድጓዱ በግማሽ ነው የሞተው። ጥለነው ብንሄድ ያ ሁሉ ቤት ከነልብሱ ይነዳል። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ... አልፈራሁም። ፍርሃቱን ጠበቅኩት። አልመጣም። ከትከሻዬ የጀመረው መደንዘዝ ደረቴ ጋ ደርሶ ነበር።

"ሲሊንደር ቀይር" አሉኝ እትዬ። "ሂድና ተረከበው። እኔም ቀይሬ እደርስብሃለሁ። ብቻህን ስትሆን ጌጁን እመን፤ ትከሻህን አትመን።"

አፍንጫ ሲሊንደሩን ሲያስርልኝ ማሰሪያው ሁለቴ አመለጠው። እኔ ማስኬን በአንዴ አጠለቅኩ።

ሄድኩ።

ዓይኔን ከቫልቩ ላይ አላነሳሁም። አንዴ ብቻ ዝቅ አልኩ፤ መሬት ላይ ያለውን ቧንቧ ለመሻገር።

ቀና ስል ማንም የለም።

ቫልቩ በረዶ ለብሷል። ይሄ ያለ ነገር ነው፤ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን እጀታው ድረስ ነጭ ይሆናል። ያ ሰው እጀታውን ይዞት ሲሠራ አራታችንም አይተናል።

በረዶው ግን አልተነካም። የጣት ምልክት የለበትም። እንደ ዱቄት ልስልስ ብሎ ተኝቷል።

ያዝኩት። መርፌዋን አየሁ። ከፍ ብላለች፤ መክፈት ያስፈልጋል።

እጄን ከማንቀሳቀሴ በፊት... ትከሻዬ ተመታ።

አንዴ... ሁለቴ።

ክፈት።

አልዞርኩም። እትዬ ናቸው፣ ደርሰዋል ብዬ ለማመን ሞከርኩ። ትንፋሽ አዳመጥኩ።

የለም።

አንዴ... ሁለቴ። ክፈት።

ጌጁም ክፈት ይላል። እጁም ክፈት ይላል። እስካሁን ያልተሳሳተ እጅ ነው። ጣቶቼ እጀታውን ማዞር ጀመሩ፤ ትንሽ... ፀጉር የምታህል።

ያኔ ነው መርፌዋን ልብ ብዬ ያየኋት።

አትንቀጠቀጥም።

በሕይወት ያለ ጉድጓድ መርፌው ዝም አይልም፤ ሁሌ ትንሽ ይርገበገባል። ይቺ ደርቃለች። ወደ ጌጁ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ በረዶ ጋግሯል። መርፌዋ ቀድሞ የነበረውን ነው የምታሳየኝ። አሁን ያለውን ማንም አያውቅም።

አንዴ... ሁለቴ። አንዴ... ሁለቴ። አሁን ፈጥኗል።

ወደ ፓምፑ ቀና አልኩ። አማቼ ከመኪናው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ታች ያወርዳል። ያነሳል፣ ያወርዳል። "ወርዷል! ግፊቱ ወርዷል!" ማለቱ ነው። ከሜዳው ጫፍ ያለው እሳት ምላሱ ረዝሞ ወደ ሰማይ ቆሟል።

ከላይ ግፊቱ ሲወርድ ከታች ያለው ጋዝ ቦታ አግኝቶ እየመጣ ነው። ከፍቼ ቢሆን ኖሮ... አበቃ። አራታችንም።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ያ እጅ ይህን ሁሉ ሰዓት እያሳሳቀኝ ነበር።

ዘጋሁት። በሁለት እጄ፣ ብረቱ ብረት እስኪነካ ዘጋሁት።

ምቱ ቆመ።

እጁ ግን አልተነሳም። ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጨመቅ አደረገኝ፤ እንደ ወዳጅ።

ከዚያ ጆሮዬ ሥር...

"እሺ" አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። አልተቆጣም። ትንሽ ነገር ለምኖ እንደተከለከለ ሰው... "እሺ"።

ማስክ ያጠለቀ ሰው ሹክሹክታ አይሰማም። ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ክብደቱ ከትከሻዬ ሲነሳ አልተሰማኝም። እንደተነሳ ያወቅሁት ከኋላዬ ሲጥጥ... ሲጥጥ... የሚል ስሰማ ነው። ዞርኩ። አንድ ማስክ ወደ ፊቴ መጣና ከማስኬ ጋር ተጋጨ። እንዲህ ስታነካካው ድምፅ ይተላለፋል።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ። "ዓይኔን እይ። እኔ ነኝ።"

የግራ ዓይናቸው ጥግ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየሁ።

"ተረክበሃል?"

"ተረክቤያለሁ።"

"እንግዲያው እንጨርሰው።"

ጨረስነው። ቱቦው ላይ ሙቅ ውኃ አፍስሰን በረዶውን አቀለጥን። መርፌዋ መርገብገብ ጀመረች። እትዬ እስከ መጨረሻው ቀበቶዬን በእጃቸው ጨብጠው ነው የቆሙት፤ ትከሻዬን አልነኩም። ጭቃ... መጠበቅ... ትንሽ ጋዝ። ፀሐይ ወደ ማዘንበል ስትል እሳቱ አነሰ፣ አነሰና ጠፋ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች።

ጉድጓዱ ሞተ።

መኪናው ጋ ተሰበሰብን። ያለወትሮው እጅ የተጨባበጠ፣ የተቃቀፈ የለም። አፍንጫ መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። አማቼ በጀሪካን ውኃ እጁን ይታጠባል።

አጠገቡ ቆምኩ።

"ስዘጋው አየኸኝ?"

"አየሁህ።"

"ከኋላዬ... ነበር?"

"ነበር።"

"ዞሮ ነበር?"

"ሲያወራህ ዞረ። ወደ እኛ ዞረ።" ውኃውን አፈሰሰ። "ማስክ አላደረገም።"

"ፊቱስ?"

አማቼ እጁን ታጠበ። ንጹሕ ነው። ደግሞ ታጠበ።

"ፊቱስ እኮ ነው የምልህ?"

"ለእህትህ እንዳትነግራት" አለኝ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። እስከ ዛሬም።

በወሩ ሥራውን ተወ። አሁን ብስክሌት ይጠግናል። ይቀልዳል፣ ቤቱ ሳቅ አይጠፋውም። ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ ግን አይቀመጥም። እህቴ "ምን ሆኖ ነው?" ትለኛለች። "ድካም ነው" እላታለሁ።

እኔ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ትከሻዬን ወጋ፣ ቆነጠጠ፣ በረዶ አስቀመጠበት። "ነርቩ ጤነኛ ነው" አለኝ። ሚስቴ ቴሌቪዥን ስናይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። ካላየኋት አላውቅም። አንዳንዴ ክብደት ያለ ይመስለኝና ዞር ስል እሷ ወጥ ቤት ናት።

አልደነግጥም። ቴሌቪዥኑን ማየቴን እቀጥላለሁ።

ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ። በላዩ ወፍራም የብረት ክዳን ተበየደ። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አጥሩ ተቆለፈ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እትዬና እኔ ለመጨረሻ ቁጥጥር ሄድን። ረፋድ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እትዬ ቁልፉን ከፈቱ። የአጥሩ ቁልፍ ዝጎ ስለነበር በመፍቻ መምታት ነበረብን። ማንም አልገባበትም።

ክዳኑ ደህና ነው። ብየዳው አልተሰነጠቀም። አፍንጫ የሰጠን መለኪያ ምንም ጋዝ የለም አለ።

እትዬ ግን መሬቱን ነበር የሚያዩት።

በብረት ክዳኑ ዙሪያ መንገድ አለ።

የእግር መንገድ። ሣሩ አልቆ፣ አፈሩ ልሞ፣ ሰው ለዓመታት የተመላለሰበት የሚመስል። ቁርጭምጭሚት ድረስ ጎድጉዷል። ክዳኑን ይዞራል... ይዞራል... ይዞርና ከራሱ ጋር ይገናኛል። ከአጥሩ የሚመጣ መንገድ የለም። ወደ አጥሩ የሚሄድም የለም።

"እትዬ..."

"ዝም በል" አሉኝ።

ንፋስ አልነበረም። ማዶ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ እንኳን አይንቀሳቀስም።

መንገዱ ላይ ግን አቧራ በእግር እርምጃ ልክ ቡን... ቡን... ይላል። ከእኛ ማዶ ባለው በኩል... ከዚያ ወደ ግራ... ከዚያ ወደ እኛ።